ነጥባቸው እኩል፣ ዕጣቸው ለየቅል፦ የኮሌጅ ጋርዶችን ለድራፍት እንዴት እናወዳድር?

ድራፍት የኤንቢኤ (የአሜሪካ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ) ቡድኖች በየዓመቱ በተራ አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመርጡበት ሥርዓት ነው፤ ጋርድ ደግሞ ኳስ እየያዘ ከሪንጉ ርቆ የሚጫወተው፣ ብዙ ጊዜ አጠር ያለው ተጫዋች ነው። በ2019/20 የውድድር ዘመን የኬንተኪው ታይሪስ ማክሲ በጨዋታ በአማካይ 14.0 ነጥብ አስቆጠረ። በቀጣዩ ዓመት የቤይለሩ ዴቪዮን ሚቸልም እንዲሁ 14.0 ነጥብ ነበረው። ሚቸል ከሦስት ነጥብ መስመር 44.7 በመቶ ሲያስገባ ማክሲ ግን 29.2 በመቶ ላይ ቀረ። ሚቸል ከቡድኑ ጋር የብሔራዊ ሻምፒዮናውን ዋንጫ አነሳ፤ የማክሲ ዘመን በኮሮና ምክንያት ዋናው ውድድር ሳይካሄድ ተቋረጠ። ሚቸል በ2021 ድራፍት 9ኛ፣ ማክሲ በ2020 21ኛ ሆነው ሲመረጡ ነገሩ ልክ ይመስል ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነው ይታወቃል። ማክሲ በ2024 ኦል ስታር ሆነ (ለሊጉ ምርጦች ጨዋታ ተመረጠ)፣ በዚያው ዓመት ከፍተኛ መሻሻል ያሳየ ተጫዋች ተብሎም ተሸለመ። ሚቸል የተከበረ ተከላካይ ነው፤ ነገር ግን የቡድን ምሰሶ አልሆነም፣ ከቡድን ቡድንም ተዘዋውሯል።

ይህን ልዩነት አስቀድሞ የሚጠቁም ነገር በሰንጠረዡ ላይ ተጽፎ ነበር። ማክሲ የቅጣት ውርወራውን 83.3 በመቶ ያስገባል፣ ሚቸል 64.1። ማክሲ የተጫወተው በ19 ዓመቱ ነው፣ ሚቸል በ22። የሚቸል 44.7 በመቶ ደግሞ የአንድ ዓመት ነገር ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ዘመን 32 በመቶ ገደማ ነበር ያስገባው። በኤንቢኤ የመጀመሪያ ሁለት ዓመታቱም ተመልሶ እዚያው 32 ገደማ ላይ አረፈ። ማክሲ በሁለተኛ ዓመቱ 42.7 በመቶ አስገባ።

ሁለት ጋርዶች ጎን ለጎን ሲቀመጡ የነጥብ አማካይ መጨረሻ የሚታይ ነገር ነው የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ኳሱን ብንወስድበት ምን ይቀረዋል?

ንጽጽሩ ሁሉ የሚዞረው በዚህች ጥያቄ ዙሪያ ነው። ጎበዝ የኮሌጅ ጋርድ ኳሱን የግል ንብረቱ ያደርገዋል፤ አሰልጣኙም ይፈቅድለታል። ኤንቢኤ ሲደርስ ግን ኳሱን የሚይዝ ሌላ ሰው አለ፤ ያ ሰው ደሞዙም ከእሱ ብዙ እጥፍ ነው። አዲሱ ልጅ ጥግ ላይ ይቆማል። ሥራውም ሦስት ነገር ይሆናል፦ ኳስ ሲደርሰው ማስገባት፣ ተከላካዩ ሮጦ ሲመጣበት አልፎት መግባት፣ በሌላኛው ሜዳ የራሱን ሰው መያዝ። ከሦስቱ አንዱንም የማይችል ጋርድ ኳስ አያያዙ ከሊጉ ምርጦች ተርታ መሆን አለበት። እንደዚያ ያለ ጋርድ በዓመት አንድ ወይም ሁለት ይገኛል፤ አንዳንድ ዓመት ጭራሽ የለም።

ጂመር ፍሬዴት በ2010/11 ለቢዋይዩ (ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ) በጨዋታ 28.9 ነጥብ አስቆጥሮ የአገሩ ቀዳሚ አግቢና የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ነበር። 10ኛ ሆኖ ተመረጠ። ኤንቢኤ ሲገባ ውርወራው አልከዳውም፤ የከዳው እግሩ ነው፦ ሰው መያዝ አቃተው፣ ኳሱን አሳልፎ የሚሰጠው አሰልጣኝም አላገኘም። ከእሱ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ስቴፈን ከሪ በዴቪድሰን 28.6 ነጥብ አስቆጥሮ 7ኛ ተመርጦ ነበር። በነጥብ ሰንጠረዥ ሁለቱ መንትያ ይመስላሉ። ከሪ ግን በመጀመሪያዎቹ ሁለት የኮሌጅ ዓመታቱ ኳስ አቀናባሪው ሌላ ሰው ሆኖ እሱ በስክሪን (ጓደኛው ተከላካዩን ለማገድ በአካሉ በሚሠራው ግድግዳ) ዙሪያ እየሮጠ ነው ሲያስቆጥር የኖረው፤ ፖይንት ጋርድ የሆነው በሦስተኛው ዓመት ነው። ሁለቱንም ሥራ እንደሚችል በተግባር አሳይቶ ነበር። ሲመረጥ ዕድሜው 21 ነው፣ ፍሬዴት 22።

ይህን ለማየት የሚረዳው አኃዝ የአጠቃቀም መጠን ነው፤ ተጫዋቹ ሜዳ ላይ ሳለ ከቡድኑ ጥቃቶች ስንቱ በእሱ እጅ እንዳለቁ ይናገራል። አምስት ሰው እኩል ቢካፈል ለእያንዳንዱ 20 በመቶ ይደርሳል። ከ30 በላይ የሆነ ጋርድ ሲያጋጥማችሁ ሌላ ጥሩ ኳስ ያዥ አብሮት የተሰለፈባቸውን ደቂቃዎች ፈልጉና እነሱን ብቻ ተመልከቱ። በተቃራኒው፣ ከፍተኛ ችሎታ ያላቸው ልጆች የታጨቁበት ቡድን ውስጥ ያለን ጋርድ በነጥቡ አትናቁት። ዴቪን ቡከር በኬንተኪ አንድም ጨዋታ በቋሚነት ሳይጀምር በጨዋታ 10.0 ነጥብ ይዞ ነው በ2015 13ኛ የተመረጠው።

ውርወራ፦ አንድ ቁጥር ብቻ አትመኑ

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ እንቆይበት።

የኮሌጅ የውድድር ዘመን 30 ከምናምን ጨዋታ ነው። በጨዋታ ሦስት ጊዜ ከሦስት ነጥብ መስመር የሚወረውር ልጅ ዓመቱን ሙሉ 100 ያህል ይወረውራል። እውነተኛ ችሎታው 35 በመቶ የሆነ ልጅ በ100 ውርወራ 30ም ሆነ 40 ቢያስገባ በዕድል ብቻ ሊሆን የሚችል ነገር ነው። ሰንጠረዡ ላይ ግን አንዱ «መወርወር አይችልም»፣ ሌላው «አልሞ ተኳሽ» ይባላል። የማክሲ 29.2 በመቶ ከ113 ውርወራ የመጣ ነበር።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን አብራችሁ ያዙ። የመጀመሪያው የቅጣት ውርወራ ነው። ርቀቱ አንድ ነው፣ ተከላካይ የለም፣ የሚለካው የእጅ ንጽሕና ብቻ ነው። ከ80 በመቶ በላይ ከሆነ የሦስት ነጥቡ ዝቅተኛ ቁጥር ይሻሻላል ብሎ መገመት ይቻላል፤ ከ70 በታች ከሆነ ከፍተኛው የሦስት ነጥብ ቁጥር ራሱ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል። በ2017 ድራፍት 1ኛ የሆነው ማርኬል ፉልትዝ በዋሽንግተን ከሦስት ነጥብ 41.3፣ ከቅጣት ግን 64.9 በመቶ ነበር። 2ኛ የሆነው የዩሲኤልኤው ሎንዞ ቦል 41.2 እና 67.3። የሁለቱም ውርወራ ኤንቢኤ ሲገቡ ተሰበረ። ፉልትዝ ላይ የትከሻና የነርቭ ሕመም ተደርቦበታል፤ ቦል በመጀመሪያ ዓመቱ ከሦስት ነጥብ ወደ 30.5፣ ከቅጣት ደግሞ ወደ 45.1 በመቶ ወርዷል። ቦል በኋላ አወራወሩን እንደ አዲስ ገንብቶ አስተካክሎታል፤ ግን ዓመታት ፈጅቶበታል፣ የመረጠው ቡድንም ፍሬውን አላየም። አንድ ጥንቃቄ፦ የቅጣት ውርወራም ቢሆን ቁጥሩ መብዛት አለበት። 40 ጊዜ ብቻ የወረወረ ልጅ ምንም አይነግራችሁም፤ የዓመታቱን ሁሉ ደምሩ።

ሁለተኛው ብዛት ነው። በ40 ደቂቃ ሰባት ጊዜ እየወረወረ 36 በመቶ የሚያስገባ ጋርድ፣ ሦስት ጊዜ ወርውሮ 41 ከሚያስገባው ይበልጣል ባይ ነን። ጥቂት የሚወረውረው እየመረጠ ነው፤ ኤንቢኤ ውስጥ ደግሞ ካልወረወርክ ተከላካይህ ትቶህ ሪንግ ሥር ይቆማል። ሻይ ጊልጀስ-አሌክሳንደር በኬንተኪ 40.4 በመቶ ቢያስገባም የወረወረው 57 ጊዜ ብቻ ነበር። ያንን ቁጥር አይተው የጠረጠሩ መልማዮች በወቅቱ ልክ ነበሩ፤ እሱን ያዋጣው ሌላ ነገር ነው፣ ወደ ታች እንደርስበታለን።

ሦስተኛው ዓይነቱ ነው። ተቀብሎ ወዲያው የሚወረውረውንና ድሪብል አድርጎ (ኳሱን አንጥሮ) ቆሞ የሚወረውረውን ለዩ። ለጥግ ሥራ የሚፈለገው የመጀመሪያው ነው፤ ኳስ ለመያዝ የሚያበቃው ሁለተኛው። የኮሌጁ መስመር 6.75 ሜትር ላይ ነው፣ የኤንቢኤው 7.24 ሜትር፣ ጥጉ ላይ 6.71። በቪዲዮ ስታዩ እግሩ መስመሩን ሊነካ ምንም ሳይቀረው የሚወረውረውንና አንድ እርምጃ ርቆ የሚወረውረውን ቁጠሩ፤ የመጀመሪያው ሊጉ ሲለወጥ ግማሽ ሜትር ገደማ መጨመር ይጠበቅበታል።

የአወራወር ውበት ግን ያን ያህል አያስጨንቃችሁ። ታይሪስ ሃሊበርተን በአይዋ ስቴት ከደረቱ አካባቢ በሁለት እጁ የሚገፋ የሚመስል አስቀያሚ አወራወር ነበረው፤ ሁለቱንም ዓመት ከ40 በመቶ በላይ አስገባ። «ይህ አያዛልቅም» የተባለለት ልጅ 12ኛ ድረስ ወርዶ ተገኘ።

አጠቃላይ ውጤታማነትን በአንድ መስመር ለማስላት ነጥቡን፣ የሜዳ ውርወራ ብዛትንና የቅጣት ውርወራ ብዛትን ውሰዱ። የቅጣቱን በ0.44 አባዙና ከሜዳው ጋር ደምሩት፣ ድምሩን እጥፍ አድርጉት፣ ነጥቡን በእሱ አካፍሉት። 16 ጊዜ ከሜዳ፣ 5 ጊዜ ከቅጣት ወርውሮ 20 ነጥብ ያገኘ ጋርድ 55 በመቶ ገደማ ይወጣለታል። 10 ጊዜ ከሜዳ፣ 4 ጊዜ ከቅጣት ወርውሮ 14 ያገኘው ደግሞ 59.5። ከፍተኛ አግቢው የመጀመሪያው ነው፤ ኳስ የማያባክነው ሁለተኛው።

ዕድሜን በክፍል ደረጃ አትለኩ

ለድራፍት ለመግባት በዚያ ዓመት 19 የሚሞላው መሆን፣ አሜሪካዊ ከሆነም ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሰ አንድ ዓመት ማለፍ አለበት። ከዚያ በኋላ «የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ» ወይም «የሦስተኛ ዓመት» የሚለው ስያሜ ብዙ አይረዳም፤ አንዳንዱ ኮሌጅ የሚገባው ቆይቶ ነው። የትውልድ ቀኑን ፈልጉና በድራፍቱ ምሽት ስንት ዓመት ከስንት ወር እንደሚሆነው አስሉ። የ22 ዓመት ጋርድ ከ18 እና ከ19 ዓመት ልጆች ጋር ሲጋጠም የበላይ መሆን ይጠበቅበታል፤ የበላይ ካልሆነ አስጊ ነው። ከ19 ዓመቱ ልጅ ደግሞ ምልክት ብቻ ይበቃል። ዴሚየን ሊላርድ 22 ሊሞላው 17 ቀን ሲቀረው ነው በ2012 6ኛ የተመረጠው፤ ዌበር ስቴት ትንሽ ኮሌጅ ናት። ግን የሚጠበቅበትን አሟልቶ ነው የመጣው፦ 24.5 ነጥብ፣ ከቅጣት 88.7፣ ከሦስት ነጥብ 40.9 በመቶ። ዕድሜ የሚቀጣው መካከለኛውን ነው።

ቁመት በባዶ እግር፣ ክንድ ተዘርግቶ

ኮሌጆች በድረ ገጻቸው የሚያወጡት ቁመት ብዙ ጊዜ ከሦስት እስከ አምስት ሳንቲሜትር ይጨምራል። ሜይ ላይ ቺካጎ በሚደረገው ኮምባይን (የዕጩዎች የልኬትና የፈተና መድረክ) የሚወሰደውን የባዶ እግር ልኬት ጠብቁ፤ ከ2024 ወዲህ የተጠራ ተጫዋች ያለ በቂ ምክንያት ከቀረ መመረጥ አይችልም። ከቁመት ይበልጥ የሚያስፈልገው ክንድ ተዘርግቶ ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ ያለው ርዝመት ነው። ዶኖቫን ሚቸል በባዶ እግር 186 ሳንቲሜትር ገደማ ሲሆን ክንዱ 208 ነው፤ ስለዚህ ከእሱ የሚረዝመውን መያዝ ይችላል። በ2024 3ኛ የተመረጠው ሪድ ሼፐርድ ቁመቱ ከዶኖቫን ሚቸል እምብዛም አይለይም፤ ክንዱ ግን 191 ነው። የጊልጀስ-አሌክሳንደር ክንድ 212 ይደርሳል። ያንን ርዝመት ከማይቸኩል አካሄድ ጋር ስላጣመረ ነው የሦስት ነጥቡ ጥያቄ ሳይመለስ 11ኛ መመረጡ ርካሽ ግዢ የሆነው።

ቁመቱ ከ185 በታች፣ ክንዱም ከቁመቱ ብዙም የማይበልጥ ጋርድ ሲመጣ ሌላው ነገር ሁሉ የላቀ መሆን አለበት። አይቻልም አይደለም፤ ጄለን ብራንሰን ይኸው አለ። ብራንሰን ግን በቪላኖቫ ሁለት ዋንጫ አንስቶ፣ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተብሎ፣ ከሦስት ነጥብ 40 በመቶ እያስገባ ነው የመጣው፤ ያም ሆኖ 33ኛ ወረደ። በተጨማሪም ትከሻው ሰፊ፣ እግሩ ጠንካራ ነው። ቀጭን ብራንሰን የለም።

አንድ ጥቃት በዝግታ

ቁጥሮቹ ካልለዩአቸው ቪዲዮ ክፈቱ። የምርጥ ቅንጭቦችን አይደለም፤ ሦስት ሙሉ ጨዋታ፦ አንዱ ረጃጅም ተከላካዮች ካሉት ቡድን ጋር፣ አንዱ ውርወራው እምቢ ያለበት፣ አንዱ ከሜዳው ውጪ በፌብሩዋሪ የተደረገ።

ጋርዱ በቀኝ በኩል ከመስመሩ አንድ እርምጃ ወጣ ብሎ ኳስ ይዟል። ረጅሙ ጓደኛው መጥቶ ስክሪን ይቆምለታል። የራሱ ተከላካይ ስክሪኑ ላይ ይጋጫል፤ የተጋጣሚው ረጅም ወደ ኋላ ሸሽቶ ሪንጉን ይጠብቃል። አሁን ጋርዱ የሁለት ድሪብል ጊዜ አለው። ደካማው በሙሉ ፍጥነት ረጅሙ ላይ ሄዶ ይወረውርና ኳሱ ይመለስበታል። ጎበዙ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ከኋላ የሚደርስበትን ተከላካይ በጀርባው ዘግቶ ያስቀራል፣ ረጅሙ አንድ እግሩን ወደ እሱ እስኪያነሳ ይጠብቃል። እግሩ ከተነሳ ኳሱ ወደ ሪንግ ለሚሮጠው ጓደኛ ይሄዳል፤ ካልተነሳ ከአራት ሜትር በረጅሙ አናት ላይ ይንሳፈፋል። በግራ ጥግ ያለው ተከላካይ ለእርዳታ ወደ መሃል ከገባ ደግሞ ኳሱ በአንድ እጅ ተሻግሮ ጥግ መድረስ አለበት። የት እንደደረሰ አስተውሉ፦ ደረት ላይ ወይስ ጉልበት ላይ? ጉልበት ላይ የደረሰውን ተቀባዩ እስኪያነሳው ተከላካዩ ይመለሳል። ሰንጠረዡ ለዚህ ምንም አይጽፍም።

ሁለት ተከላካይ አብረው ሲመጡበትም እዩት። አጭር ጋርድ በላያቸው ማየት ስለማይችል ወደ ኋላ ያፈገፍግና ኳሱን ለማንም ይጥላል። ወደ ግራና ወደ ቀኝ ስንት ጊዜ እንደገባ፣ በየትኛው እጅ እንደጨረሰ ምልክት አድርጉ። ከ20 ጊዜ 16ቱን የገባው በቀኝ ከሆነ ኤንቢኤ በአንድ ሳምንት ያውቅበታል።

የተበላሹ ኳሶችንም በዓይነት ለዩአቸው። ለአንድ የተበላሸ ኳስ ሁለት አሲስት (ለነጥብ ያበቃ ቅብብል) ለፖይንት ጋርድ፣ ማለትም ለኳስ አቀናባሪው፣ ዝቅተኛው መጠን ነው፤ ነገር ግን ከባድ ኳስ ሊያሻግር ሲሞክር የሚያባክን የ19 ዓመት ልጅ ይታረማል። ድሪብሉን የሚነጠቀው ግን ሊጉ እየፈጠነ ሲሄድ ይብስበታል።

በመከላከል በኩል ሁለት ነገር ይበቃል። ስክሪን ሲመጣበት በላይ አልፎ ሰውዬውን ይከተላል ወይስ እዚያው ተጋጭቶ ይቀራል? ተጋጣሚስ ሆን ብሎ እሱ የያዘውን ሰው ለስክሪን ይጠራል? በኮሌጅ ደረጃ ከተጠራ በኤንቢኤ የመጨረሻ አምስት ደቂቃ አይሰለፍም። ዞን የሚጫወት (ሰው በሰው ሳይሆን ቦታ ተከፋፍሎ የሚከላከል) ቡድን፣ ለምሳሌ ጂም ቦሃይም እስከ 2023 ሲያሰለጥነው የነበረው ሲራክዩዝ፣ ይህን ስለሚሸፍን ከእንዲህ ያለ ቡድን የመጣን ጋርድ የሰረቃቸው ኳሶች ቢበዙም ገና ያልተፈተነ አድርጋችሁ ቁጠሩት።

ደግሞ ለኮሌጁ ጋርድ ፍትሐዊ ሁኑ። ኮሌጅ ውስጥ ረጅሙ ተከላካይ ሪንግ ሥር እንደፈለገ መቆም ይችላል፤ ኤንቢኤ የሦስት ሰከንድ የመከላከል ሕግ አለው። የቅጣት ክልሉም በኮሌጅ 3.66 ሜትር ሲሆን በኤንቢኤ 4.88 ነው። ሁለት የማይወረውሩ ረጃጅሞች አብረውት የተሰለፉለት ጋርድ ሪንግ ሥር ደካማ መስሎ ቢታይ ጥፋቱ የእሱ ላይሆን ይችላል። በአንጻሩ የማርች ሁለት ሳምንት ትኩሳት (የኮሌጆቹ የጥሎ ማለፍ ውድድር)፣ ወይም ኤጀንቱ ባዘጋጀው ባዶ አዳራሽ ያለ ተከላካይ የተወረወረ ኳስ፣ ከአራት ወር ጨዋታ በላይ ሚዛን ሊደፋ አይገባም።

ተራው ምርጫውን ይለውጣል

አንደኛው ጋርድ 19 ዓመቱ፣ ረጅም ክንድ ያለውና ያልበሰለ፣ ሌላው 22 ዓመቱ፣ አጭርና ብስል ቢሆን መልሱ ስንተኛ ላይ እንደምትመርጡ ይወሰናል። በመጀመሪያዎቹ አምስት ተራዎች ተከላካዩን በድሪብል ብቻ ማለፍ የሚችለውን ወጣት ውሰዱ፤ ያ ችሎታ ኋላ አይገዛም። ከ10 እስከ 20 ባለው መሃል ክንድ፣ የቅጣት ውርወራና የማይቸኩል አእምሮ ያለውን ፈልጉ፤ ጊልጀስ-አሌክሳንደር፣ ሃሊበርተን፣ ቡከርና ዶኖቫን ሚቸል የተገኙት ከ11 እስከ 13 ባለው ነው። የመጀመሪያው ዙር ተመራጭ የአራት ዓመት ውል ይይዛል፤ ሁለቱ የተረጋገጡ፣ ሁለቱ በቡድኑ ፈቃድ የሚቀጥሉ። ስለዚህ ቡድን ለመጠበቅ አቅም አለው።

ከ30ኛው ተራ በኋላ የተቆረጠ የደሞዝ ሰሌዳ የለም፤ ብዙዎቹ የሚያገኙት ቢበዛ 50 ጨዋታ የሚፈቅደውንና ቡድን ሦስት ብቻ ሊይዝ የሚችለውን፣ ተጫዋቹን በዋናው ቡድንና በታችኛው ሊግ መካከል የሚያመላልሰውን የቱ ዌይ ውል ነው። እዚያ ላይ አሰልጣኝ ትዕግሥት የለውም። ብስሉን ውሰዱ። ማልኮም ብሮግደን አምስት ዓመት በቨርጂኒያ ቆይቶ በ2016 36ኛ ተመረጠና የዓመቱ ምርጥ ጀማሪ ሆነ። በዚያው ድራፍት ማንም ያልመረጠው የዊቺታ ስቴቱ ፍሬድ ቫንቭሊት በ2019 ከቶሮንቶ ጋር ሻምፒዮን ሆኗል።

የሚመርጠው ቡድን ማን እንዳለውም እዩ። ዴቪዮን ሚቸልን የወሰደው ሳክራሜንቶ ያኔ ዲያሮን ፎክስና ሃሊበርተን ነበሩት። ኳሱ ለሦስተኛው ጋርድ አልደረሰም፤ የደረሰው የጥግ ውርወራ ነው፣ ያ ደግሞ ደካማ ጎኑ ነበር።

ዝርዝራችሁን ከማጽደቃችሁ በፊት ስማቸውን ከድራፍቱ ያስወጡትን አጣሩ። ተማሪዎች ተመዝግበው እስከ ቀነ ገደቡ ወደ ኮሌጅ መመለስ ይችላሉ፤ ከጁላይ 2025 ጀምሮ ኮሌጆች ለተጫዋቾች በቀጥታ መክፈል ስለተፈቀደላቸው 35ኛ ገደማ የሚገመት ጋርድ መቆየቱን ሊመርጥ ይችላል። ድራፍቱ ከ2024 ወዲህ በሁለት ምሽት ይካሄዳል፤ የመጀመሪያው ዙር በአብዛኛው በአዲስ አበባ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይጀምራል። ያልተመረጡት ጋርዶች የት እንደፈረሙ ለማወቅ ደግሞ ከሁለተኛው ዙር ማብቂያ በኋላ ያሉትን ጥቂት ሰዓታት ተከታተሉ፤ ቫንቭሊትን የመሰሉ የሚገኙት እዚያ ነው።